የሁዳዴ ወተት

ቄስ አምባቸው በዕድሜያቸው በሁዳዴ ወተት የጠጡት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያቺን አንዲት ኩባያ ግን አገሩ ሁሉ አብሯቸው የጠጣት ይመስል ጣዕሟን የማይናገር ሰው የለም። አንዱ ትኩስ ነበረች ይላል፤ ሌላው ስኳር ነበረባት ይላል። ስኳር አልነበረባትም። የዱቄት ወተት ነበረች፣ በበርሜል የፈላች፣ ጢስ ጢስ የምትል። ቄስ አምባቸው ራሳቸው ሲጠየቁ «ወተት ለመሆኗም እርግጠኛ አይደለሁም» ነበር የሚሉት።

የሚያገለግሉት ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚያቆለቁለው መንገድ ዳር፣ በወይራ አምባ ሚካኤል ነው። ማገልገል ማለት እንግዲህ እሑድና በዓል ቀድሶ በተረፈው ቀን እንደማንም ገበሬ ገብስ ማረስ ነው። ትምህርታቸው ብዙ አልነበረም። ቅዳሴውን ያውቃሉ፣ ወንጌሉን በአማርኛ ያነባሉ፣ ቅኔ ቤትን ደጃፉን አይተው ተመልሰዋል። ያነበቡትን ግን እርሻቸው ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ጣጣቸውም ይኸው ነበር። ዕርፍ ጨብጦ ወደ ኋላ የሚያይ ለእግዚአብሔር መንግሥት አይበቃም የሚለውን ቃል ባነበቡ ቁጥር ይጨነቃሉ፤ ምክንያቱም ሲያርሱ ወደ ኋላ ያያሉ። ካላዩማ ትልሙ መጣመሙን በምን ያውቃሉ? ዘሩን ግማሹን መንገድ ላይ፣ ግማሹን እሾህ ውስጥ ስለበተነው ዘሪ ደግሞ አንድ ቀን ደጀ ሰላም ተቀምጠው «ጎረቤቴ ቢሆን በሬ አላውሰውም» ብለው ሰው ሁሉ ስቋል። ያልሳቁት የደብሩ አለቃ፣ አለቃ መለሰ ብቻ ናቸው።

ቄስ አምባቸው ግን ለማሳቅ ብለው አልነበረም። ነገሩን ይዘውት ከርመው፣ ገብሱን ሲያርሙ፣ እግዜር ማለት ያ የማይቆጥበው ዘሪ ነው፤ መንገዱንም እሾሁንም ይድረሳቸው ብሎ ነው የሚበትነው የሚል ሐሳብ መጣላቸው። ደስ አላቸው። ማታ ለሚስታቸው ለአልታዬ ነገሯት።

«እሱ ዘር አያልቅበትም» አለች አልታዬ። «የኛ አልቋል።»

እውነቷን ነበር። ዝናቡ ሁለት ዓመት አታሏቸው፣ የስልሳ ስድስቱ ሁዳዴ ሲገባ ጎተራው ይጠረግ ቢባል እንኳ የሚጠረግ አልነበረበትም። ከቆላው የወጣው ሰው ከመካነ ሰላም ዳርቻ፣ ከክሊኒኩ በታች፣ በተተከለው መጠለያ ተኮልኩሏል። ከወይራ አምባም ብዙ ሰው ወርዶ እዚያው ገብቷል። ስንዴ የጫነ መኪና መንገዱ ሲፈቅድለት ይመጣል፣ ሳይፈቅድለት ደግሞ አይመጣም። ሬዲዮ ያለው አንድ ነጋዴ ሚኒስትሮቹ ሥልጣናቸውን ለቀቁ ብሎ ቢናገር፣ ከመጠለያው አንድ ሰው ስንዴውንም ይዘው ሄዱ ወይ ብሎ ጠየቀው።

ወተቱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ማን እንደላከው አይታወቅም፤ የጾሙን ወራት የማያውቅ ሰው መሆኑ ግን ግልጽ ነው። በርሜሉን የምታማስለው ሩቂያ የምትባል የከተማዋ ሴት ነበረች፤ በረጅም እንጨት ታማስላለች፣ በኩባያ ትቀዳለች፣ ታድላለች። እያደለች ሳለ አንድ ነገር ከነከናትና ወደ ወይራ አምባ ሰው ላከች፤ ቄሱ በአስቸኳይ ይምጡልኝ ብላ። ቄስ አምባቸው ጥምጥማቸውን ጠምጥመው መስቀላቸውን ይዘው ደረሱ። ዕለቱ ረቡዕ ነው፣ ጠዋት ነው።

«አባ» አለቻቸው፣ «የኛዎቹ ይጠጣሉ። የአንቱዎቹ ግን ኩባያውን ተቀብለው አጠገባቸው ያስቀምጡና ያዩታል። ወላሂ፣ ሲያዩት ሲያዩት ትናንት አንዲቱ ሞተችብኝ። በኛ የታመመ ሰው አይጾምም። በናንተስ?»

«በኛም አይጾምም።»

«ታዲያ ንገሯቸዋ።»

ነገሯቸው። በየሰልፉ እየዞሩ «ታማችኋል፤ ፈትቻችኋለሁ፤ ጠጡ» አሉ። ሰዉ መስቀላቸውን ተሳለመ፣ አመሰገነ፣ ኩባያውንም እንዳስቀመጠ ተወው። ከሴቶቹ መደዳ መጨረሻ ላይ እማማ ቦጋለች ተቀምጠዋል፤ ከጋቢያቸው ውስጥ አጥንታቸው ብቻ የቀረ። እማማ ቦጋለች የቄስ አምባቸው የንስሐ ልጅ ናቸው፤ በዕድሜ ግን የእናታቸው እኩያ ነበሩ። እሳቸው ቄሱን አባቴ ይሏቸዋል፣ ቄሱ እሳቸውን እማማ ይሏቸዋል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሁለቱም አጥርተው የሚያውቁ አይመስልም። ለንስሐ ሲመጡ ዘወትር የሚናዘዙት አንዲት ኃጢአት ናት፤ የጎረቤት ፍየል መርገም። ባለፈው ክረምት ፍየሏ ሞተች። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ባላቸውንና ሴት ልጃቸውን ቀብረዋል። የሚረግሙት እንኳ አልቀረላቸውም።

«እማማ፣ ይጠጡ።»

«ሁዳዴ ነው አባቴ።»

«ፈትቻለሁ እኮ።»

«አንቱ ፈትተዋል። እኔ መች ፈታሁ።»

«ታመዋል እማማ።»

«ማን ያልታመመ አለ። የአንቱስ ጉንጭ የት ሄደ?» እማማ ቦጋለች ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንቱ እየጾሙ እኔ ብገድፍና ዛሬ ብሞት፣ ነገ ለፍትሐቴ ሲቆሙ ምን ብለው ያነሡኛል? ጾም የገደፈችዋ ቦጋለች ብለው?»

ቄስ አምባቸው ቀና ብለው ዙሪያቸውን አዩ። መደዳው በሙሉ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ፈትቻለሁ ማለታቸው ለምን እንዳልረዳ ያን ጊዜ ገባቸው። ሰዉ የሚያየው ቃላቸውን ሳይሆን ከንፈራቸውን ነው፤ ከንፈራቸው ደግሞ ደረቅ ነው። በደረቅ ከንፈር ሌላውን ጠጣ ማለት አንተ ደካማ ነህ ማለት ነው። ሰው ሲራብ ብዙ ነገሩን ያጣል፤ እነዚህ ሴቶች የቀራቸው ከቄሳቸው እኩል መጾማቸው ነበር፤ እሷንም ቢሆን ሊነጥቋቸው ነው የመጡት።

ሁለት ነገር አብረው ትዝ አሏቸው። አንደኛው፣ ተርቤ ነበር ያለው ጌታ ረቡዕ ይሁን ዓርብ አለመናገሩ ነው። ሁለተኛው፣ ጾም የገደፈ ካህን መቅደስ እንደማይገባ። ቄስ አምባቸው ደግሞ መቅደሱን ይወዱታል። እሑድ ሊነጋጋ ሲል መጋረጃው ተዘግቶ ከታቦቱ ፊት የሚቆሙባትን ሰዓት ከበሬያቸውም፣ ከቤታቸውም፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና ከአልታዬም አብልጠው ነው የሚወዷት። ፈሩ።

«ሩቂያ» አሉ፣ «ለኔም ቅጂልኝ።»

ሩቂያ ቀዳች። ስትሰጣቸው ከልማዷ ቢስሚላህ አለች፣ እሳቸው በስመ አብ ብለው አማተቡ፤ ወተቱ ሁለቱንም ሰማ። «ብቻዎን አይገድፉም» አሏቸው ለእማማ ቦጋለች። ከዚያ ጥምጥማቸው በራሳቸው፣ መስቀላቸው በእጃቸው እንዳለ፣ በሁዳዴ፣ በረቡዕ፣ በጠዋት ጨልጠው ጠጡ።

እማማ ቦጋለች ትክ ብለው አዩዋቸው።

«ምን ይላል?»

«መጥፎ ነው።»

«እንግዲያስ ጾሙ ብዙም አልተነካ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ኩባያው ስለከበዳቸው ይዘው ያጠጧቸው ቄስ አምባቸው ናቸው። ከዚያ ጎረቤታቸው አነሳች፣ ከዚያ ቀጥላ ያለችው፤ መደዳው እስከ ጫፍ ጠጣ። ሩቂያ ፊቷን ወደ በርሜሉ አዙራ ታማስል ጀመር፤ የምትማሰል ጠብታ ግን በርሜሉ ውስጥ አልነበረችም።

ሁሉም አልዳኑም። ለብዙዎቹ ወተቱ የዘገየ ነበር። እማማ ቦጋለች ግን ዳኑ።

ወሬው ቄስ አምባቸውን ቀድሞ ወይራ አምባ ገባ። አለቃ መለሰ ደጀ ሰላም ላይ ጠበቋቸው። አለቃ መለሰ ክፉ ሰው አልነበሩም። የተማሩ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ሳይደርቅ የቀረላቸው ነገር ደግሞ ሕጉ ብቻ ነበር።

«ሕሙማኑን መፍታትህ ልክ ነው» አሉ። «እነሱም መጠጣታቸው ልክ ነው። አንተ ታመህ ነበር?»

«አልታመምኩም።»

«በራስህ ላይ መሰከርክ። እንግዲያስ ቀኖና ተቀበል። ተሳስቻለሁ በልና ስግደትህን ሰግደህ ግባ። ማንም አይከለክልህም።»

«ስግደቱን እሰግዳለሁ። ተሳስቻለሁ ግን አልልም።»

«ያለዚያማ ስግደት ወገብ ማፍታታት ነው።»

«አለቃ» አሉ ቄስ አምባቸው፣ «እኒያ ሴቶች እኔን አይተው ነው የጠጡት። ዛሬ ተሳስቻለሁ ብል ነገ ይሰማሉ። የተረፉት መትረፋቸውን ኃጢአት ነው ይሉታል፤ እማማ ቦጋለችን ያውቋቸው የለ፣ በማግስቱ ስግደት ይጀምራሉ። በዚያ ጉልበታቸው።»

አለቃ መለሰ ለረጅም ጊዜ ጢማቸውን አሹ።

«እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፍ ላይ አላገኘሁም» አሉ።

«እኔም መጠለያው ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

«ተሳስቻለሁ እስክትል ድረስ መቅደስ አትገባም።»

በዚህ ተለያዩ። ከዚያ ጀምሮ ቄስ አምባቸው እንደማንኛውም ምእመን ከግቢው ዋርካ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። ከውስጥ ካህኑ ሲያዜም አፋቸው ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። መስቀል የለመደ እጃቸው ማረፊያ አጣ፤ ከጋቢው ሥር ያስገቡታል፣ ያወጡታል፣ መልሰው ያስገቡታል። አልታዬ የልብሰ ተክህኖውን ነገር አላነሳችም፤ እሳቸውም አላነሱም። አንድ እሑድ ብቻ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ «ከውጭ ሲሰሙት ያጥራል» አሏት። ዕንባቸው መጣ። አልታዬ አየች፤ እንዳላየች ሆና ሄደች።

ክረምቱ ዘነበ። መስከረም ሲጠባ ንጉሡ ወረዱ ተባለ። ገብሱ ደህና ያዘ፤ ሰዉ ከመጠለያው ወደየቤቱ ተመለሰ፤ እማማ ቦጋለችም ተመልሰው አንዲት ፍየል ያለው አዲስ ጎረቤት አገኙ። ዓመቱ ዞሮ ሁለተኛው ሁዳዴ ሲገባ መሬት ላራሹ ታወጀ፣ ዘማች ተማሪዎችም ወደ መካነ ሰላም ዘለቁ። ከነሱ አንዱ፣ መነጽር ያደረገ ትጉህ ልጅ፣ በሁዳዴ ወተት ስለጠጣ ቄስ ሰማና ወይራ አምባ ድረስ በእግሩ ወርዶ ፈልጎ አገኛቸው። ለገበሬው ስብሰባ በክብር ተጋበዙ።

ስብሰባው በዓርብ ቀን፣ ከገበያው ሜዳ ላይ ነበር። ዘማቹ ቄስ አምባቸውን ከፊት አስቀምጦ ለሕዝቡ አስተዋወቃቸው፤ ለጭቁኑ ሕዝብ ሲሉ አጉል ልማድን የሰበሩ ተራማጅ ቄስ ናቸው አለ። ቄስ አምባቸው ተራማጅ የምትለዋን ቃል ሰምተዋት አያውቁም ነበር፤ ከተከተለው ጭብጨባ ግን ሹመት መሆኗን ገመቱ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ወተት መጣ። ትክክለኛ ወተት፣ የላም፣ አረፋው ያልተኛ።

«አባ» አለ ዘማቹ፣ «ያን ዕለት ያደረጉትን አሁን በሕዝቡ ፊት ይድገሙልን። ጾም የረሃብ ሌላ ስሙ መሆኑን ሁሉም ይይ።»

ሜዳው ጸጥ አለ። አለቃ መለሰም ከኋላ ቆመው ያያሉ። ቄስ አምባቸው ወተቱን አዩት። አማራቸው፤ ይህንንም በኋላ ለአልታዬ አልደበቋትም።

«ማነው የተራበው?» አሉ።

ዘማቹ ጥያቄው አልገባውም።

«የተራበ ሰው የታል? አምጡትና አብሬው ልጠጣ።»

«ዛሬ የተራበ እንኳ የለም። ምሳሌ እንዲሆን ነው።»

«እንግዲያስ ጥጃው ይጠጣው» አሉ ቄስ አምባቸው። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ አትቀየመኝ። ያን ዕለት የጠጣሁት ጾሙን ልሰብር ብዬ አይደለም። ጾሙ ምን አደረገኝ? አንዲት ሴት ብቻቸውን እንዳይገድፉ ነው የገደፍኩት። ዛሬ ይህ ሁሉ ሰው እየጾመ ብቻዬን ብጠጣ ያንኑ አፈርሳለሁ።» ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ዘማቹ አሳለፉት፤ እንዳይደፋ ተጠንቅቀው።

በሳምንቱ ቄስ አምባቸው አድሃሪ ናቸው ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ከመቅደስ ባስወጣቻቸው በዓመቱ አብዮቱ ከተራማጅነት አስወጣቸው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያም ጎረቤት ቢጠይቃቸው፣ «ከሁለተኛው ውስጥ መኖሬን ሳላውቅ ነው የወጣሁት» አሉት።

አለቃ መለሰ ከስብሰባው ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠብቀው ተቀላቀሏቸው። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ «አሁንም ተሳስቻለሁ አትልም?» አሏቸው።

«አልልም።»

«እንዳልከው» አሉ አለቃ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም እንጂ።

ሁዳዴው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ቄስ አምባቸው ከቅዳሴ በፊት ደርሰው ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ይዞሩ ነበር። ቤተ ልሔም የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርባት ከግቢው በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ ቤት ናት፤ ከጀርባዋ ሰው አይደርስም። እማማ ቦጋለችን እዚያ አገኟቸው። ግንባራቸው አፈር ለብሷል። ቀና ይላሉ፣ ያማትባሉ፣ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ይወርዳሉ፤ ግንባራቸው መሬት ይነካል፤ ለመነሳት ደግሞ እንደገና ግድግዳውን ይፈልጋሉ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየሰገድኩ ነው አባቴ።»

«ምን በድለው?»

«እኔማ ምንም።»

«ታዲያ?»

«የአንቱን ነው።»

ቄስ አምባቸው ቀረብ አሉ።

«አለቃ መለሰን ጠየቅኋቸው» አሉ እማማ ቦጋለች፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «የነፍስ አባት የልጁን ቀኖና ተካፍሎ ይሰግዳል፤ ልጅስ የአባቷን አትሰግድም ወይ አልኳቸው። መጽሐፍ ሲያገላብጡ ከርመው የሚያዝ አላገኘሁም፣ የሚከለክልም አላገኘሁም አሉኝ። የሚከለክል አለመኖሩ ይበቃኛል ብዬ ጀመርኩ።»

ቄስ አምባቸው ተናደዱ። ዓመት ሙሉ ከዋርካ ሥር የቆሙት ይህች ጉልበት እንዳትንበረከክ ነበር።

«እኔ ኃጢአት አልሠራሁም፤ አንቱም አልሠሩም። ብዬዎታለሁ እኮ።»

«ኃጢአት ነው መች አልኩ? ያቺን ወተት በመጠጣቴ አንድ ቀን አልተጸጸትኩም። ጣዕሟን ካላነሱ።» እማማ ቦጋለች ግንባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አንቱ ተሳስቻለሁ አይበሉ። ማንም አይበልዎ። ግን በየሰንበቱ ከዋርካው ሥር አይዎታለሁ፤ እጅዎን የሚያደርጉበት አጥተው። ያን ዕለት ብቻዎን አይገድፉም አሉኝ። እኔስ ብቻቸውን ደጅ ይቁሙ ብዬ ቤቴ ልተኛ?»

ይህን ብለው ለሚቀጥለው ስግደታቸው ወረዱ። በዚህኛው ግን ግድግዳው ራቃቸውና እጃቸው አየር ጨበጠ፤ ከመሬት ላይ ቀሩ።

ቄስ አምባቸውን መጽሐፉም፣ እርሻውም፣ መጠለያውም አልረዳቸውም። ጎንበስ አሉ፤ ብብታቸውን ደግፈው አነሷቸው። እማማ ቦጋለች አማትበው እንደገና ወረዱ። መከልከል እንደማይቻል ለቄሱ የገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ደግፈው አብረው ወረዱ፣ ደግፈው አብረው ተነሱ። አሮጊቷ ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ፣ እንዳይለቋቸው ጎንበስ ያሉት ቄስም ግንባራቸው አፈሩን ይነካ ነበር። ዕንባቸውም እዚያው አፈሩ ላይ ቀረ። በማግስቱም መጡ። በሚቀጥለውም። አንዳቸውም ስለ ኃጢአት አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ከስግደቱ መሐል እማማ ቦጋለች ስለ አዲሱ ጎረቤት ፍየል ትንሽ አማረሩ እንጂ።

የሆሳዕና ዋዜማ ጠዋት አለቃ መለሰ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ከሚጠብቁት ሽማግሌ ጋር በቤተ ልሔሙ በኩል ሲያልፉ ከማዕዘኑ ላይ ቆም አሉ። ሽማግሌውም አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ቄስ አምባቸው ይሰግዳሉ እንዴ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ተሳስቻለሁ አሉ ማለት ነው?»

«የለም» አሉ አለቃ መለሰ። «አሮጊት እያነሱ ነው።»

እስኪጨርሱ ድረስ ቆመው አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሽማግሌው መለስ አድርገው፣ የቄስ አምባቸውን ልብሰ ተክህኖ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ደህና ነው፣ ዓመት ሙሉ ታጥፎ ስለቆየ ለፋሲካ ይሸታል አሉ።